የወጌሻው አራት ጥያቄዎች

እኔ በምሠራበት ድንገተኛ ክፍል አንድ ሕግ አለኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከመጠየቄ በፊት ዘመድ ይወጣል። ሚስትም ትሁን እናት፣ ልጅም ይሁን አለቃ፣ በሩን አሳየዋለሁ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ባለቤቱ ነኝ!» ይሉኛል። «እሱማ ገብቶኛል፣ ደጅ ይጠብቁ» እላለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶች ከኋላዬ «ግትሯ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። እነሱ ያን ቀን ጎልፍ ሜዳው ላይ አልነበሩም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ በዘመኑ ስመ ጥር መሀል ተከላካይ ነበር። ወደ በራቸው የሚመጣውን ኳስ ሁሉ በግንባሩ እየገጨ ስለሚመልስ ደጋፊው «መዶሻው» ይለዋል። እናቴ ስትናገር፣ በልምምድ ላይ ብቻ በቀን መቶ ጊዜ ይገጭ ነበር። ኳስ ካቆመ በኋላ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ፤ ቆይቶ ደግሞ ከዚያም ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩም። ቤት የሚውል አባት ለእኔ ሎተሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ቆሞ «ተቀያሪዬ መጣች!» ይላል። እሱ ሲደክመው ገብቼ የምጫወትለት እኔ ነኝ፣ እንደዚያ ነበር ውላችን።

ያን ዓመት አባዬ ቀልደኛ ሆኖ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ። አንድ ቀን ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወተቱ አጠገብ አስቀምጦ ተገኘ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝና ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ ግን የማቀዝቀዣውን በር እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሌላ ቀን ምሳ ላይ የፍጻሜውን ጨዋታ ታሪክ ሦስት ጊዜ አወራልን። በሦስተኛው ላይ መጨረሻውን ቀድሜ ተናገርኩበት። «እንዴ! አንቺ በምን አወቅሽ?» አለኝ፣ ዓይኑ እስኪፈጥ። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም ብዬ አጨበጨብኩለት። እሱም ለምን እንደሚጨበጨብለት ሳያውቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ጓንቴ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ጓንቴ የአባቴ ቡድን በረኛ የነበረ፣ እጆቹ እንደ አካፋ የሰፉ፣ ሲስቅ ቤቱን የሚያናጋ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልሳቀም። ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት። እኔ ደግሞ የተገፋ በር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር።

«በየዓመቱ የምናዘጋጀው ነው» አለ ጓንቴ። «የታመሙ የቀድሞ ተጫዋቾችን ለመርዳት። ዘንድሮ ጎልፍ አድርገነዋል። ማናችንም አንችልም፣ እሱ ነው ደስ የሚለው። የክለቡ ፕሬዝዳንት ይመጣል።»

«እና?»

«እናማ የታዳጊዎቹ አሰልጣኝ ቦታ ክፍት ነው። ስሙን አንስተንለታል። ፕሬዝዳንቱ ግን ወሬ ሰምቷል። ለዚህ ነው በዓይኔ ልየው ያለው። አብሮት አንድ ዙር ይዞራል። ደህና ነው ካለ ሰኞ ያስፈርመዋል።»

«ደህና ነው እንዴ? አንተ ታውቀዋለህ እኮ!»

«ረዳት እንሰጠዋለን። እሱ ሜዳው ላይ ይቁምልን ብቻ። ልጆቹ እሱን ማየት ይበቃቸዋል።»

እናቴ «ከሚረዱት መሀል እንዲቆምብኝ አልፈልግም» አለች። «ሌላውን ሊረዳ ነው የሚሄደው። ሰምተኸኛል? ብሞት አልፈልግም።»

ፕሬዝዳንቱ ወሬ ሰምቷል የሚለውን እኔ የአባዬ ዝና እሱ ጋ ደርሶ ነው ብዬ ተረዳሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማን ነው መዶሻውን በዓይኑ ማየት የማይፈልግ?

በማግስቱ እናቴ የድሮውን የቡድን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባትሽ ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ስም ይምታታበታል» አለችኝ። «አንቺ ታስታውሽዋለሽ። ጨዋታ ነው። ግን ካንቺና ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይሰማ። በሞቴ በይ።»

«በሞትሽ» አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ፊቶቹን አጠናሁ። ይሄ ጓንቴ፤ ይሄ ንፋሱ፣ የመስመር ተጫዋቹ፤ ጥግ ላይ ባልዲ ይዞ የቆመው ወጌሻው። የጨዋታውን ሕግ ያወጣችው እናቴ ናት። በግራው በኩል ቁሚ፣ በዚያ ጆሮው ይሻለዋል። ሰው ሲመጣ እጁን ጨብጠሽ ጎንበስ ሲልልሽ ስሙን ሹክ በይው። ቀኑን ከጠየቁት ቀኑን፣ ቦታውን ከጠየቁት ቦታውን። እንዳትስቂ። አባዬ ደግሞ ጨዋታውን ወደደው። እጄን በጨበጥኩት ቁጥር እንደ ታዛዥ ልጅ ዝቅ ይልልኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ ያ ጎንበስ ማለቱ ነው። ለምን እንደሚደረግለት ያውቅ ነበር። ቀልድ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ነጩን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። አንገትጌውን አስተካከለችለት። «የዛሬን ብቻ» አለችው። «የዛሬን ብቻ ተጫወትልኝ።» እሱም «ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» ብሎ ጠየቃት፤ አምስተኛው መሆኑ ነው። እሷም ለአምስተኛ ጊዜ በዚያው ድምፅ ነገረችው።

ጎልፍ ሜዳ አይቼ አላውቅም ነበር። ሣሩ የተላጨ ጭንቅላት ይመስላል። አባዬ ከመኪናው እንደወረደ በርከክ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው ወሰደ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «ሜዳው ጥሩ ነው» አለ። «ጎሉስ የታለ?» በሳቅ ልፈነዳ ስል እናቴ ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ።

ያኔ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ፣ ጨዋታዬም ተበላሸ። ሁሉም ገና ከሩቅ የገዛ ስማቸውን እየጮሁ ነዋ! «ንፋሱ መጣ! ዛሬም የሚይዘኝ የለም!» እያለ ይመጣል አንዱ፣ ቦርጩ ቀድሞት። «እኔ ጓንቴ፣ በር ላይ አንተ ባትኖር ኖሮ ስንቱ ይገባብኝ ነበር!» ይላል ሌላው። ወጌሻው ሳይቀር፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ የውሃ መያዣውንና ስፖንጁን አንጠልጥሎ «ወጌሻህ ነኝ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለው። እጁን ጨብጬ አፌን ከመክፈቴ በፊት ስሙ ተነግሮ ያልቃል። እንዴት ያሉ ጉረኞች ናቸው አልኩ በልቤ፤ ሰው እንዴት የራሱን ስም እያወጀ ይሄዳል? በጣም ተናደድኩባቸው። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ለዚህ ነው እንዴ!

ወጌሻው ላይ ሌሎቹ ይስቁበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ጎልፍ እኮ ነው! ስፖንጁን ለምን አመጣኸው?» ይሉታል። «እናንተ ባላችሁበት ሰው ሳይጎዳ ቀርቶ ያውቃል?» ብሎ መለሰላቸው፤ እሱም ሳቀ።

ፕሬዝዳንቱ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ረዥምና ቀጭን ሰው ነበር። የሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ከአባዬ፣ ከጓንቴና ከእኔ ጋር መዞር ጀመረ። ወጌሻው ከኋላ ይከተላል። እናቴ ከሌሎቹ ሚስቶች ጋር ሰገነቱ ላይ ቀረች፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ቆማ ነው የማያት። ሌሎቹ ተቀምጠው ሎሚ ጭማቂ ይጠጣሉ።

አባዬ የጎልፍ ዱላውን እንደ መጥረጊያ ነበር የያዘው። በመጀመሪያው ምት ሣሩን ቆርጦ ከኳሱ አርቆ ላከው፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። በሁለተኛው ዱላውን ጥሎ ትንሿን ኳስ በእግሩ አስቆማት። ፕሬዝዳንቱ አልሳቀም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው።

«ለመሆኑ ከአሁኖቹ ተጫዋቾች ማንን ትወዳለህ?» አለው።

እጁን ጨበጥኩት፤ ግን እኔም የማንንም ስም አላውቅም ነበር። አባዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፣ ምንም አላገኘም፣ ቀና አለ። ጓንቴ ዱላውን በማየት ተጠመደ። ከዚያ አባዬ ራሱን ችሎ ተናገረ።

«የአሁን ልጆች ኳስ ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ» አለ። «ልጅን መጀመሪያ የማስተምረው ዓይኑን አለመጨፈን ነው። ኳሱን አትጠብቀውም። ከጠበቅከው እሱ ይመታሃል። አንተ ነህ የምትሄድበት። እዚህ ጋ፣» ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ «እዚህ ጋ ካገኘኸው አያምህም። ከፍ ካለ ወይ በጎን ከመጣ ነው የሚያመው። ልጁ ከፈራ በለስላሳ ኳስ ታስጀምረዋለህ። በመጮህ ልጅ አይሠለጥንም።»

አንድም ቃል አልተደናቀፈም። እንደዚያ ጥርት ብሎ ሲናገር ከሰማሁት ብዙ ወራት አልፈው ነበር። ፕሬዝዳንቱ መነጽሩን አውርዶ ኪሱ ከተተ። «ይሄን ነበር መስማት የፈለግኩት» አለ። ጓንቴ በፕሬዝዳንቱ ጀርባ በኩል ለወጌሻው ጠቀሰው፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወደ ሰገነቱ ዞሬ ለእናቴ እጄን አውለበለብኩ። እሷ ከዚያ ርቀት ምን እንደገባት እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ኳሷን የምናስገባባቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ የቀሩን። ከጎናችን ባለው መስመር ላይ ንፋሱ ከሌሎች ጋር ይጫወታል። ኳሱን ሲመታ ጠጣር ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ «ኧረረረ!» የሚል ጩኸት። ቀና ስል ነጭ ነገር በሰማዩ ላይ ወደ እኛ እየታጠፈ ይመጣል። ጎልፍ የሚችሉ ሰዎች እንዲህ ሲሆን ጭንቅላታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ያጎነብሳሉ፤ ፕሬዝዳንቱ እንደዚያ አደረገ። ጓንቴ ግን ኳሱን አየና ጮኸ።

«ያንተ ነው!»

አሥራ አምስት ዓመት በሩ ላይ ቆሞ የጮኸው ጩኸት ነው። ኳሱ ከአየር ሲወርድና እሱ ሳይደርስበት ሲቀር መዶሻውን የሚጠራበት ነው። በኋላ ለእናቴ እያለቀሰ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ «ሽሽ ልለው ነበር፣ ሽሽ ልለው ነበር፣ አፌ ነው የቀደመኝ» ይላት ነበር።

አባዬ እጄን ለቀቀ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ከዓመት በኋላ የሚያውቀው ነገር ወደ እሱ ሲመጣ አየ። ተነሣ፣ ዘለለ፣ አልጠበቀውም፣ ሄደበት።

ኳሱ ግን ትንሽ ነበር፤ ግንባሩን ስቶ ከጆሮው በላይ ነው ያገኘው። ድምፁ የእንጨት በር ሲንኳኳ የሚሰማው ዓይነት ነበር። በአንድ ጉልበቱ ወረደ። ከሰገነቱ ላይ ጭብጨባ ተነሣ፣ ፉጨትም፤ ከሩቅ ያዩት መዶሻው በጎልፍ ኳስ ሲገጭ ነው፣ ቀልድ መስሏቸዋል። እኔም አጨበጨብኩ። ዓይናቸው እያየ አባቴ እኔን አዳነኝ ብዬ ነበር። ለዓመታት ለጓደኞቼ ያወራሁት ይህንኑ ነው፤ አባቴ ወደ እኔ የመጣ ኳስ በጭንቅላቱ መልሶ አዳነኝ እያልኩ። እኔ ግን ከኳሱ መንገድ አምስት ሜትር ርቄ ነበር የቆምኩት።

ወጌሻው ቀድሞ ደረሰ። ሣሩ ላይ አስቀመጠው፣ ስፖንጁን ጭንቅላቱ ላይ ጨመቀ፣ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልጦ አየው። ፕሬዝዳንቱ ከወጌሻው ጀርባ ቆመ። «ደህና ነው?» አለ። «ሐኪም ቤት አያስፈልገውም?»

«ቆይ፣ ልጠይቀው» አለ ወጌሻው።

እነዚያን ጥያቄዎች ቡድኑ በሙሉ ያውቃቸዋል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች መልሶ ከመግባቱ በፊት ሜዳ ዳር ይጠየቃል። አራት ናቸው። የመለሰ ይገባል፣ ያልመለሰ ይቀየራል።

እኔ ደግሞ ሥራዬ መጣልኝ። ቀኑን ሙሉ በጉረኞች የተነጠቅኩት ጨዋታ! ሮጬ ከግራው በኩል አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ፊቴን ጆሮው ሥር ቀበርኩ። ሰዎቹ «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ» አሉኝ። እየፈራሁ አልነበረም።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለ ወጌሻው።

ሹክ አልኩት። «ቅዳሜ» አለ አባዬ።

«የት ነው ያለነው?»

«ጎልፍ ሜዳ።»

«እኔ ማን ነኝ?»

«ወጌሻው ነሃ» አለና የራሱን ጨመረበት፦ «ስፖንጅህ ይሸታል።» ሰው ሳቀ።

«ስንት ለስንት ነን?»

ይሄን አላጠናሁትም። ጎልፍ እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቅ በመሀላችን አልነበረም። የመጣልኝን ሹክ አልኩት። «አንድ ለዜሮ እየመራን ነው» አለ አባዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሳቁ ሜዳውን አናጋው። ፕሬዝዳንቱም ሳቀ። ወጌሻው ግን ሳይስቅ ትንሽ አየኝ። ከዚያ አባዬን በብብቱ ይዞ አስነሣው።

«ይችላል» አለ።

አባዬ ቀሪዎቹን ሁለት ጉድጓዶች ተጫወተ። ዱላው አንድ ሁለቴ ከእጁ ወደቀ፤ ደክሞት ነው አልን። መጨረሻ ላይ ፕሬዝዳንቱ እጁን በሁለት እጁ ይዞ «ሰኞ ቢሮ እንገናኝ» አለው። ሰገነቱ ሥር እናቴ ሸሚዙ ላይ የደረቀውን ሣር ስታራግፍለት ታለቅስ ነበር፣ እየሳቀች። እኔን ደግሞ አንሥታ አቀፈችኝ፣ ስምንት ዓመቴ ሆኖ። «አለፈ» አለች ጆሮዬ ላይ። «አለፈልን፣ የኔ ጎበዝ።»

ጓንቴ በመኪናው ወደ ቤት ወሰደን። አባዬ ከፊት ተቀምጦ ጥቂት እንደሄድን እንቅልፍ ወሰደው፣ ማንኮራፋት ጀመረ። ያ ከጉሮሮ የሚመጣ፣ የሚቆራረጥ ማንኮራፋት። እናቴ ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ደክሞታል» አልኳት። ዛሬ እንደዚያ የሚያንኮራፋ ሰው በአልጋ ሲገባልኝ ከሩቅ እሰማዋለሁ፣ እሮጣለሁ። እንቅልፍ አይደለም። የራስ ቅል ውስጥ ደም ሲጠራቀም መጀመሪያ ሰውየው ደህና የሚመስልበት ሰዓት አለ፤ ይነሣል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሰላምታ ይሰጣል። ሐኪም ሊያድነው የሚችለው በዚያ ሰዓት ነው። የእኛን ጎልፍ ተጫወትንበት።

ቤት ስንደርስ አልነቃም። እሑድ ረፋዱ ላይ ሆስፒታል ሞተ።

ለቅሶው ላይ ወጌሻው መጣ። እናቴ በሩ ላይ እንዳየችው «ገዳይ!» ብላ ጮኸች። «ጠይቄዋለሁ አላልክም? ይችላል አላልክም? አንተ ነህ የገደልከው!» ሰዎች ያዟት። እሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። «ጠይቄው ነበር» አለ። «መልሶልኛል። አራቱንም መልሶልኛል።» ሌላ ቃል ሳይጨምር ዞሮ ሄደ። እኔ ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በሞትሽ ብዬ መማሌ ትዝ አለኝ። አባቴ ሞቶ እናቴንም ልግደላት? ዘጋሁት።

ክለቡ ወጌሻውን አሰናበተው። እንደዚያ ያለ ስሕተት የሠራን ሰው ሌላም ቡድን አልቀጠረውም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስሙን የጠራባትን ሰው ታስወጣ ነበር። እኔም አድጌ፣ ነርስ ሆኜ፣ ያ ሹክታ ምን እንደሠራ በመጽሐፍ ተምሬ፣ ያው ዝም አልኩ። እናቴ አምና አረፈች። ከመሐላዬ ያን ጊዜ ተፈታሁ፤ ከማልኩ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ወጌሻው የሚኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ የሰፈር ልጆችን ወለምታ እያሸ። ቅባት ቅባት ይሸታል ክፍሉ። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጣቶቹ ግን አሁንም ጠንካራ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልደነገጠም፤ ሻይ ቀዳልኝ።

«ያን ቀን መልሱን የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ረዥም ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ ይቺው ብቻ ወጣች።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከንፈሬን አዩት?»

«ምኑን አየዋለሁ፣ አንገቱ ውስጥ ተቀብረሽ። ቅዳሜ ሲለኝ ነው የገባኝ። አባትሽ ቀን ካወቀ ዓመት አልፎት ነበር።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ስማችንን እየጮህን የመጣነው ለምን ይመስልሻል?»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። እነዚያ ጉረኞች! ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ጎልማሳ፣ አንድን ሰው እንዳይዋረድ ከብቦ ሲጠብቀው፣ ከመካከላቸው ሐኪም ቤት ይሂድ የሚል አልተገኘም።

«ለምን ይችላል አሉ ታዲያ?» አልኩ። ድምፄ እየጮኸ ነበር፣ አላቆምኩትም። «ካወቁ ለምን?»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸ። «ፕሬዝዳንቱ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪም ቤት ብወስደው ሌላውንም ይጠይቁታል፣ ጉዱ ይወጣል፣ ሥራው ይቀራል። አልመለሰም ብል ደግሞ የድሮው ሕመሙ ይሁን የአሁኑ ምት በምን እለየዋለሁ? ቆሞልኛል፣ ስፖንጅህ ይሸታል ብሎ ቀልዶብኛል። ስንት ጊዜ ውሃ አፍስሼበት ተመልሶ የተጫወተ ሰው ነው። ዛሬም ይመለሳል አልኩ። ተሳሳትኩ።»

«እናቴ ገዳይ ስትልዎት ለምን አልነገሯትም? ለምን ልጅሽ ናት አላሉም?»

እንደተሰደበ ሰው አየኝ። «ምን ነካሽ?» አለ። «ስምንት ዓመትሽ ነበር። እኔ አምሳ ሁለት።»

አለቀስኩ። እሱ ጠበቀኝ፤ ሜዳ ዳር ተጎድቶ የወጣ ሰው እስኪነሣ እንደሚጠበቀው። ሲበቃኝ ሻዩ ቀዝቅዟል ብሎ ሌላ ቀዳልኝ።

ባለፈው ወር ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ አመጡልኝ። ልጁ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች፣ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰውየው ተቀምጧል፣ ይስቃል፣ «ደህና ነኝ እህቴ፣ ሥራ አለብኝ፣ ልቀቂኝ» ይላል። የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ነከሰችኝ። ደጅ አውጥቼ በሩን ዘጋሁባት፤ በመዳፏ እየደበደበች «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። ወደ እሱ ዞርኩና ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው አልኩት። ፈገግ እንዳለ ወደ ግራው ዘንበል አለ፣ ማንም እዚያ አልነበረም። አላወቀውም። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገባሁት።

ዳነ። ሲወጣ ልጅቷ እጁን ይዛ በአጠገቤ አለፈችና ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ትጥላኝ።